በሴቶችና በወንዶች የኮሌስትሮል ሕክምና ላይ የሚታዩ፣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስታቲን የሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ከዋሉ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እስካሁን ግን የልብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል «መጥፎው» ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ ወደሚፈለገው ደረጃ ሳይወርድላቸው የሚቀሩት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይበዛሉ። ጥፋቱ በአብዛኛው የመድኃኒቱ አይደለም፤ የአሰጣጡና የአወሳሰዱ ነው። ስለዚህ ሊታረም ይችላል።

መድኃኒቱ ለሴት አይሠራም ብሎ ማመን

ይህ ጥርጣሬ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱ የታተመው የምዕራብ ስኮትላንድ ጥናት 6,595 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት ከ4,444 ተሳታፊዎች ሴቶቹ 827 ብቻ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ስለ ሴቶች በእርግጠኝነት መናገር ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የ27 ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ተሰብስቦ ተተነተነ። ወደ 174 ሺህ ከሚጠጉት ተሳታፊዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። የተጋላጭነታቸው መጠን ተቀራራቢ የሆኑ ሴቶችና ወንዶች ከመድኃኒቱ የሚያገኙት ጥቅም ተመሳሳይ መሆኑ ታየ፤ በድንገተኛ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) እና በስትሮክ ብቻ ሳይሆን ዕድሜን በማራዘምም ጭምር። ክርክሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት።

በትንሽ መጠን ጀምሮ እዚያው መቅረት

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። የልብ ድካም ደርሶባት ያገገመች፣ ኤልዲኤሏ 160 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሴት እናስብ። ከስታቲኖች አንዱ የሆነው አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ታዘዘላት እንበል። ይህ መጠን ኤልዲኤልን በአማካይ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ 100 ገደማ ይወርድላታል። «ቀንሷል፣ ጥሩ ነው» ተብላ ትሸኛለች። ለእሷ የሚፈለገው ግን ቢያንስ ከ70 በታች ነው። 80 ሚሊግራም ብትወስድ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንስላት ነበር። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨምር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚወርድ፣ ይህም ካልበቃ ኢዜቲማይብን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። ከፍተኛውን መጠን ሳይታዘዝላቸው የሚቀሩት ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው።

መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ተመርምሮ ውጤቱ መታየት አለበት። ሐኪምዎን «ቀንሷል ወይ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «ለእኔ የሚፈለገው ስንት ነው? ደርሻለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የልብ ሕመምን የወንድ በሽታ ማድረግ

ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ከ7 እስከ 10 ዓመት ዘግይተው ይታመማሉ እንጂ ከበሽታው አያመልጡም። የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ኤልዲኤል ከፍ ይላል፤ የአምናው ጥሩ ውጤት ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። ከ40 ዓመት በፊት ማረጥና በእርግዝና ጊዜ የታየ የደም ግፊት ወደፊት የልብ ሕመም የመምጣቱን ዕድል ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅም ይንገሩት። የስኳር በሽታ ካለ ደግሞ ሴቷ የነበራት የዕድሜ ብልጫ በእጅጉ ይጠባል። ወንዶችም በበኩላቸው ቀድመው የሚታመሙት እነሱ መሆናቸውን ረስተው «ገና ጎረምሳ ነኝ» እያሉ ምርመራውን ማዘግየት የለባቸውም።

«ጥሩው» ኮሌስትሮሌ ከፍ ያለ ነው ብሎ መዘናጋት

ኤችዲኤል የሚባለው «ጥሩው» ኮሌስትሮል በሴቶች ላይ በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ከፍ ማለቱ ግን የኤልዲኤልን ጉዳት አያጠፋም።

ጡንቻዬን አመመኝ ብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ

ሴቶች መድኃኒቱን በብዛት ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ «ምናባዊ ነው» ተብሎ መናቅ የለበትም። ነገር ግን በ2022 የታተመ ሰፊ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ስታቲን የሚወስዱ ሰዎች ከሚናገሩት የጡንቻ ሕመም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በመድኃኒቱ ምክንያት የመጣ አይደለም። ስለዚህ ሌላ መነሻ ይፈለግ። በተለይ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ጡንቻን ያሳምማል፣ ኤልዲኤልንም ከፍ ያደርጋል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሲታከም ሁለቱም ሊሻሻሉ ይችላሉ። መንስኤው ስታቲኑ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መጠኑን መቀነስ፣ ወደ ሌላ ስታቲን መቀየር ወይም ስታቲን ያልሆነ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ሽንት ከጠቆረ ወይም ጡንቻ በጣም ከዛለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ እርግዝና ሳያማክሩ መቅረት

አብዛኞቹ ሴቶች ማርገዛቸውን እንዳወቁ ስታቲን ማቆም ይኖርባቸዋል፤ ጡት በማጥባት ጊዜም አይመከርም። ሳያውቁ ለጥቂት ጊዜ የወሰዱ እናቶች ግን መደናገጥ አያስፈልጋቸውም፤ ጽንሱን የመጉዳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለነፍሰ ጡሮች በጠቅላላ ይከልከል የሚለው ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ የጠየቀው፣ ተጋላጭነታቸው እጅግ ከፍተኛ ለሆነ ጥቂት ሴቶች ሐኪሙና ታካሚዋ ተመካክረው እንዲወስኑ ነው። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀደም ብላ ከተናገረች መቼ እንደምታቆምና መቼ እንደምትመለስ አብሮ ይታቀዳል።