በዲዋሊ የህንድ ቤተሰብ ሲጠራዎት

ዲዋሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ በሰሜን ህንድ አምስት ቀን ይከበራል፤ ዋናው ሦስተኛው ቀን፣ ጨረቃ የማትታይበት ምሽት ነው። በ2026 ኖቬምበር 8 ይውላል፤ በእኛ ጥቅምት 29 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ እሑድ። ለትምህርት ወይም ለሕክምና እዚያ የከረመ ሰው በዚህ ሰሞን ቤት ቢጠራ የሚከተለውን ይያዝ።

ባዶ እጅ አይግቡ። ከጣፋጭ ቤት ግማሽ ኪሎ ካጁ ካትሊ (ከካሹና ከስኳር የሚሠራ) ይበቃል። ኬክ ካሰቡ እንቁላል እንደሌለበት ይጠይቁ፤ ብዙ ቤት እንቁላልም እንደ ሥጋ ይቆጠራል። መጠጥና የቆዳ ዕቃ ይቅርብዎት። ጥቁር ልብስ ለበዓሉ አይወደድም። ደማቅ የጥጥ ልብስ ይሻላል፤ ናይሎን ነክ ከሆነ መብራትና ርችት አጠገብ ቶሎ ይያያዛል።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ደጃፉ ላይ በባለቀለም ዱቄት የተሣለው ራንጎሊ ነው፤ ብዙ ተለፍቶበታልና ዞረው ይለፉ። የቤቱን አባትና እናት አንክልጂ (አጎቴ)፣ አንቲጂ (አክስቴ) ይበሉ እንጂ በስማቸው አይጥሩ። ልጆቹ ጎንበስ ብለው የአረጋውያኑን እግር ይነካሉ፤ ጉልበት መሳም ለምናውቅ ሰዎች ይህ አይከብድም።

ከሰዓት በኋላ ከደረሱ የሸክላ መብራቶቹን (ዲያ) በማዘጋጀት ያግዙ። አዲስ ዲያ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደርቃል፤ ካልተዘፈዘፈ ሸክላው ዘይቱን መጥጦ መብራቱ ቶሎ ይጠፋል። ጥጡን እንደ ጧፍ ክር ፈትለው ሙሉውን ዘይት ያስነክሩት፤ ጫፉ ከዲያው አፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይውጣ። ከረዘመ ይጨሳል፣ ግድግዳም ያጠቁራል። የሰናፍጭ ዘይት እስከ ሦስት አራተኛው ይጨመርበታል።

የላክሽሚ፣ የሀብት አምላካቸው፣ ጸሎት (ፑጃ) ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ገደማ ይደረጋል። እምነትዎ ግንባር ላይ የሚቀባውን ቲላክ ወይም ለአምላካቸው የቀረበውን ምግብ፣ ፕራሳድን፣ የማይፈቅድልዎት ከሆነ አስቀድመው ለጋባዥዎ በግል ይንገሩ። ኋላ በጸጥታ መቀመጥ አያስቀይምም፤ እጅ ላይ ከተሰጠ በኋላ መመለስ ግን ያስቀይማል። የሚቀበሉ ከሆነ ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ ከታች።

ሐበሻ በብዛት የሚሳሳተው ማዕድ ላይ ነው። እኛ ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እዚያ ግን አፍ ወይም የሚበሉበት እጅ የነካው ምግብ ጁታ ይባላል፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ከራስዎ ሳህን አያጉርሱ። ጭልፋውን በማይበሉበት በግራ እጅ ይያዙ፣ ሳህንዎንም አያስነኩት። የጋራ የውሃ ጠርሙስ ከንፈር ሳይነካው ከላይ እየተንቆረቆረ ይጠጣል። ጉርሻ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም፤ አንቲጂ ላዱ (ድቡልቡል ጣፋጭ) ቆርሰው ወደ አፍዎ ካስጠጉ ይጉረሱ፣ የምርቃት ያህል ነው።

ሳህን በጎደለ ቁጥር ይጨመራል፣ መተው ደግሞ ነውር ነው። ሲጀመር ጥቂት ይቀበሉ፤ ሲበቃዎት ሳህኑን በመዳፍ ሸፍነው «ባስ» (በቃ) ይበሉ።

ጿሚ ከሆኑ ይጠንቀቁ፤ ከአምስቱ ቀናት ረቡዕ ወይም ዓርብ መግባቱ አይቀርም። «ቬጅ ነኝ» (ሥጋ አልበላም) ማለት አይበቃም፣ የእነሱ ቬጅ ወተትና ቅቤ አለበት። ዱድ (ወተት)፣ ጊ (ቅቤ)፣ ዳሂ (እርጎ)፣ ፓኒር (አይብ) እንደማይበሉ አንድ በአንድ ከአንድ ቀን በፊት ይናገሩ። የምስር ወጡ፣ ዳል፣ መጨረሻ ላይ ቅቤ ስለሚደፋበት የእርስዎ ድርሻ አስቀድሞ እንዲወጣ ይጠይቁ።