የክሬዲት ካርድ ዓመታዊ ክፍያ እንዲቀርልዎ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች የክሬዲት ካርድ ዓመታዊ ክፍያ ቀላል ወጪ አይደለም። የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ 95 ዶላር ነው። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ጎልድ 325 ዶላር ነው። ፕላቲነሙ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ695 ወደ 895 ዶላር ወጥቷል። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ካርድ ካለ፣ ለወላጆች የሚላከውን የወር ገንዘብ ይበላል።

ብዙ ሰው ክፍያው ሲመጣ ዝም ብሎ ይከፍላል። ሌላው ተናዶ ካርዱን ይዘጋል። ደውሎ "ይቅርልኝ" ማለት ግን ይቻላል። ባንኩ እሺ የማለት ግዴታ የለበትም። ቢሆንም ደንበኛ ማጣት አይፈልግም፣ ስለዚህ ሲጠየቅ አንድ ነገር የሚያቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ እንደማየው ነገሩ የሚበላሸው በባንኩ እምቢታ ሳይሆን በእኛ አጠያየቅ ነው።

"ካርዱን ስላልተጠቀምኩበት አልከፍልም" ማለት

ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ስለሆነ አስቀደምኩት። ዓመታዊ ክፍያ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ይወጣል። ከወጣ በኋላ እንደማንኛውም ዕዳ ነው የሚቆጠረው። ካልተከፈለ ወለድና የመዘግየት ቅጣት ይጨመርበታል። ከመክፈያው ቀን 30 ቀን ካለፈ ደግሞ ባንኩ ለክሬዲት ቢሮዎች (የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡ ድርጅቶች) ሊያሳውቅ ይችላል፤ ያ ምልክት የክሬዲት ሪፖርትዎ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። በ95 ዶላር ምክንያት የቤት ብድር ወለድ የሚጨምርበት ሰው ሲኖር ያሳዝናል።

ስለዚህ ጥያቄዎን አቅርበው መልስ እየጠበቁ ቢሆንም፣ የመክፈያው ቀን ከደረሰ ቢያንስ ሚኒመሙን (ባንኩ የጠየቀውን ዝቅተኛ ክፍያ) ይክፈሉ። ባንኩ ከተስማማ ገንዘቡ ተመልሶ አካውንቱ ላይ ይገባል።

ቀኑን ማሳለፍ

የአሜሪካ ሕግ ባንኩ ክፍያውን ከማውጣቱ በፊት እንዲያሳውቅዎ ያስገድደዋል። ክፍያውን ላለመክፈል ካርዱን እንዴትና እስከ መቼ መዝጋት እንደሚችሉም መጻፍ አለበት። ችግሩ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ወርሃዊው ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) ላይ በትንንሽ ፊደል መቀመጡ ነው። ስቴትመንት በኢሜል የሚደርሰን ሰዎች ደግሞ ፋይሉን የምንከፍተው ስንት ጊዜ ነው? የሚከፈለውን መጠን አይተን እናልፋለን።

ክፍያው ከወጣ በኋላም ትንሽ ጊዜ አለ። አሜሪካን ኤክስፕረስ ክፍያው ያለበት ስቴትመንት ከተዘጋ በ30 ቀን ውስጥ ካርዱን ለሚዘጋ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። ሌሎቹም ወደዚያው የተጠጋ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ የራስዎን ባንክ ይጠይቁ። ለመደወል ጥሩው ጊዜ ይሄ ነው፤ ክፍያው ወጥቷል፣ መመለሻው ጊዜም አላለፈም። ካርዱን በየትኛው ወር እንዳወጡት ስልክዎ ካላንደር ላይ አሁኑኑ ይመዝግቡ።

ካርዱን ካወጡ ገና ዓመት ካልሞላዎት ግን አይድከሙ። በመጀመሪያው ዓመት እምብዛም አይሳካም።

ሒሳብ ሳይሠሩ መደወል

ካርዱ ለእርስዎ ምን እንደሚጠቅም ሳያውቁ ከደወሉ፣ የቀረበልዎት ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አይችሉም።

የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድን እንውሰድ። ክፍያው በዓመት 95 ዶላር ነው። ሱፐርማርኬት ላይ 6 በመቶ ይመልሳል፣ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ግዢ ድረስ። ታናሹ ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ ደግሞ ክፍያ የለውም፣ 3 በመቶ ይመልሳል። ልዩነታቸው 3 በመቶ ነው። 95 ዶላርን በዚያ ልዩነት ለማካካስ በዓመት ወደ 3,170 ዶላር፣ ማለትም በወር ወደ 265 ዶላር ሱፐርማርኬት ላይ ማውጣት አለብዎት።

ለቤተሰብ ይሄ ቀላል ይመስላል። ግን የት ነው የሚገዙት? ኮስኮ አሜሪካን ኤክስፕረስ አይቀበልም፣ ቪዛ ብቻ ነው። ዋልማርትና ታርጌት እንደ ሱፐርማርኬት አይቆጠሩም። እንጀራና በርበሬ የሚገዙበት የሐበሻ ሱቅም በባንኩ መዝገብ ሱፐርማርኬት ተብሎ ላይመዘገብ ይችላል። የዓመቱን ስቴትመንት ከፍተው ስንት ዶላር እንደተመለሰልዎት ይዩ። ግምት አያስፈልግም፣ ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል።

"ዝጉልኝ" ብሎ መጀመር

አንዳንድ ሰው ማስፈራራት የሚያዋጣ ይመስለዋል። "ካላነሳችሁልኝ አሁኑኑ ዝጉት!" ይላል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን ከሌላት የተባለችውን ታደርጋለች፤ ትዘጋዋለች። ሰውየውም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል፤ የስምንት ዓመት ካርዱ ሄደ።

እንዲህ ቢሉ ይሻላል፦ "ዓመታዊ ክፍያው ወጥቶብኛል። ካርዱን ለስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም። አሁን ግን ክፍያው ስለከበደኝ ላቆየው ወይስ ልዝጋው እያልኩ ነው። ለማቆየት የሚረዳኝ ነገር ይኖራችኋል?" ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲረዝም ጨንቆን "ካልሆነም ችግር የለም" የምንል ብዙ ነን። አይበሉ። ልጅቷ እኮ ኮምፒዩተሯ ላይ እያየች ነው።

"እኔ ጋ የሚታይ ነገር የለም" ከተባሉ፣ ካርድ መዝጋት የሚፈልጉ ደንበኞችን ወደሚያነጋግረው ክፍል እንዲያስተላልፉዎት በትህትና ይጠይቁ። ሪቴንሽን ይሉታል። ሥልጣኑ ያለው እነሱ ጋ ነው። እዚያም ከሌለ አመስግነው ስልኩን ይዝጉና በሌላ ቀን ይሞክሩ። በአንድ ቀን ደጋግሞ መደወል ግን አያዋጣም፣ ንግግሩ ይመዘገባል።

እንግሊዝኛው በስልክ የሚከብድዎ ከሆነ የባንኩን አፕ ከፍተው በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጅዎ ቢደውልልዎትም ባንኩ ባለቤቱን በድምፅ ሳያረጋግጥ አያናግረውም። አጠገቡ ይሁኑ፣ ፈቃድ ይስጡ። ልጁ ራሱን እርስዎን አስመስሎ በእርስዎ ስም እንዳያወራ፤ ከታወቀ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ካልተነሳ ብሎ እምቢ ማለት

ባንኩ "ክፍያውን አንተውም፣ ግን 10,000 ፖይንት እንሰጥዎታለን" ሊል ይችላል። ፖይንት በካርዱ ሲገዙ የሚጠራቀም፣ በገንዘብ ወይም በጉዞ የሚቀየር ነጥብ ነው። አንድ ፖይንት በአንድ ሳንቲም ቢሰላ 100 ዶላር ነው። የ95 ዶላር ካርድ ከሆነ ተቀበሉ ማለት ነው። በተቃራኒው "በሦስት ወር ውስጥ 3,000 ዶላር ያውጡ" የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለው፣ ያንን ገንዘብ ድሮም የሚያወጡት ካልሆነ ይተዉት። ስጦታውን ከተቀበሉ በኋላ ካርዱን ለአንድ ዓመት ያህል መዝጋት የሚከለክል ውልም ስላለ ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሌላ አማራጭ ሳያዩ መዝጋት

ባንኩ እምቢ ካለ ቀጥሎ የሚጠየቀው "ክፍያ ወደሌለው ካርድ ልትቀይሩልኝ ትችላላችሁ?" የሚለው ነው። ሳፋየር ፕሪፈርድ ለምሳሌ ወደ ፍሪደም አንሊሚትድ ይቀየራል። አካውንቱ ያው ስለሆነ ዕድሜውም ሊሚቱም (የብድር ጣሪያው) አብሮ ይቀጥላል፤ እንደ አዲስ ማመልከቻም አይቆጠርም። አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ዓመት መሙላት አለበት።

መዝጋት የሚጎዳው በሊሚቱ በኩል ነው። ሁለት ካርድ አለዎት እንበል፤ አንዱ 7,000፣ ሌላው 5,000 ሊሚት አለው። ዕዳዎ 3,000 ዶላር ነው። ከ12,000 ውስጥ 25 በመቶ ተጠቅመዋል ማለት ነው። የ7,000ውን ሲዘጉ ያው ዕዳ ወደ 60 በመቶ ይዘላል። ፋይኮ ስኮር (አበዳሪዎች የሚያዩት የክሬዲት ነጥብ) 30 በመቶ ክብደት የሚሰጠው ለዕዳ መጠን ነው፣ ስለዚህ ነጥብዎ ይወርዳል። ቤት ወይም መኪና ለመግዛት እየተዘጋጁ ከሆነ ከዚያ በፊት ምንም አይዝጉ።

ፖይንቱም አለ። ካርዱን ሲዘጉ ባንኩ ጋ ያለ ፖይንት ሊጠፋ ይችላል። ሳፋየርን ወደ ፍሪደም ሲቀይሩ ፖይንቱ አይጠፋም፣ ግን ሌላ ሳፋየር ወይም ማዛወር የሚፈቅድ ሌላ የቼዝ ካርድ ከሌለዎት ወደ አየር መንገድ ማዛወር አይችሉም። ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመብረር ሲያጠራቅሙ ከነበረ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ በዩናይትድ ማይል ወይም ኤሮፕላን በሚባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም ነጥብ ትኬት መቁረጥ ይቻላል። አስቀድመው ያዛውሩ። አንዴ ከተዛወረ ግን አይመለስም፣ ስለዚህ መቀመጫ መኖሩን መጀመሪያ ያረጋግጡ።

ለሚደውልልዎት ሰው መልስ መስጠት

"ከባንክዎ ነው፣ ዓመታዊ ክፍያዎን እናንሳልዎ" ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ይዝጉ። የካርድ ቁጥር ወይም በቴክስት የመጣ ኮድ ከጠየቀ ሌባ ነው። እናትና አባቶቻችን በዚህ እየተጎዱ ነው፣ እባካችሁ ንገሯቸው። የሚደወለው ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ነው።

ወታደር ሆኖ መክፈል

በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፣ ይሄንን ግን ሁሉም አያውቁትም። አሜሪካን ኤክስፕረስና ቼዝ በአክቲቭ ዲዩቲ (በመደበኛ የሙሉ ጊዜ አገልግሎት) ላይ ላለ ወታደር የግል ካርዶችን ዓመታዊ ክፍያ ይተዋሉ። ስለ ወታደሮች ብድር የወጣው ሕግ የትዳር ጓደኛንም ይሸፍናል። ሪዘርቭና ናሽናል ጋርድ (ተጠባባቂ ወታደሮች) ከ30 ቀን በላይ አክቲቭ ትዕዛዝ ላይ ከሆኑ ይካተታሉ። ካርዱ የወጣው ወደ ጦሩ ከመግባት በፊት ከሆነ የሚሠራው ሌላ ሕግ ስለሆነ ባንኩን መጠየቅና ትዕዛዙን መላክ ያስፈልጋል።

"እሺ" ሲባሉ እዚያው መተው

የተስማማልዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ ይጻፉ። በጽሑፍ ከሆነ ስክሪንሾት ያንሱ። በሚቀጥለው ስቴትመንት ካልታየ ያንን ይዘው እንደገና ይደውሉ። ስምምነቱም የዚያ ዓመት ብቻ ነው። በሚመጣው ዓመት ክፍያው ተመልሶ ይወጣል፣ መጠየቅም እንደ አዲስ ነው።