ሰርቭ አልሻገር ሲል፦ የታዳጊ መረብ ኳስ ተጫዋቾች የልምምድ መሣሪያ፣ ችግርና መፍትሄ

የብስክሌት ጎማ፣ ሲባጎ፣ የተንጠለጠለ ኳስ፣ ላስቲክ። ጅማ ውስጥ ታዳጊ ለሚያሠለጥን ሰው እነዚህን ማግኘት አይቸግርም፤ ሰርቭ (ከኋላው መስመር ኳሱን ከመረብ በላይ አሻግሮ ጨዋታውን የሚያስጀምረውን ምት) ለማስተማርም በደንብ ያገለግላሉ። ግን እያንዳንዳቸው የሚያርሙት አንድ ጥፋት ብቻ ነው። ጥፋቱ ሳይለይ መሣሪያ የተሰጠው ልጅ መሣሪያውን ይለምዳል እንጂ ሰርቭ አይማርም።

አስቀድማችሁ መረቡንና ኳሱን ፈትሹ። 2.43 ሜትር ለወንዶች፣ 2.24 ሜትር ለሴቶች የአዋቂ ከፍታ ነው። ለ11 እና ለ12 ዓመት ጀማሪ ወደ 2 ሜትር አውርዱት። ልጁም ከመረቡ 6 ሜትር ርቆ ይጀምር፤ እየተሻገረለት ሲሄድ አንድ አንድ እርምጃ እያፈገፈገ 9 ሜትሩ መስመር ይድረስ። የኳሱ ክብደት ከ260 እስከ 280 ግራም ነው። ስፌቱ የላላ ኳስ በክረምት ጭቃ ላይ ሲውል ውሃ ይጠጣል። ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ከ280 ካለፈ እስኪደርቅ ለሰርቭ አትስጡት።

ምልክት፦ ኳሱ መረብ ላይ ይቀራል፣ ወይም አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይወጣል

አብዛኛው አሠልጣኝ የሚመታውን እጅ ያያል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው በሚወረውረው እጅ ላይ ነው። ልጁ ኳሱን ለማግኘት ወደ ጎን ከተራመደ ወይም ወገቡን ካጠፈ፣ ውርወራው ተበላሽቷል ማለት ነው።

መፍትሄው ጎማው ነው። በቀኝ የሚመታ ልጅ ግራ እግሩን ያስቀድማል። ጎማውን ከፊተኛው እግር ጫማ ፊት፣ በቀኝ ትከሻው ትይዩ መሬት ላይ አጋድሙት። ልጁ ኳሱን በግራ መዳፉ ይዞ፣ ክርኑን ሳያጥፍ፣ ቀኝ እጁ ተዘርግቶ ከሚደርስበት በትንሹ ከፍ እንዲል ያነሳዋል። ከዚያ ሳይመታ ይተወዋል፤ ኳሱ ጎማው ውስጥ መውደቅ አለበት። ከ10 ውርወራ 8 ጊዜ እስኪገባለት ድረስ መምታት አይፈቀድለት። ኳሱ አየር ላይ ከተሽከረከረ የእጁን አንጓ እየሰበረ ነውና አንጓውን ቀጥ እንዲያደርግ ንገሩት። በትልቁ ጎማ ሲሳካለት በልጆች ብስክሌት ጎማ ቀይሩለት።

ምልክት፦ ውርወራው ደህና ነው፣ ምቱ ግን ይልፈሰፈሳል

ክርኑ ከትከሻው በታች ወርዷል፣ ወይም በጣቶቹ ነው የሚመታው። የተንጠለጠለ ኳስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ኳስ በሽንኩርት ከረጢት አስገቡና በሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ላይ ከተጋደመ እንጨት በገመድ አንጠልጥሉት። የኳሱ መሃል ልጁ እጁን ዘርግቶ ከፊቱ በመዳፉ በሚነካው ከፍታ ላይ ይሁን። ሲመታ ኳሱን የሚያገኘው ከአንጓ ከፍ ብሎ ያለው ጠንካራው የመዳፍ ክፍል ነው።

ይህ መሣሪያ ትልቅ ጉድለት አለበት፦ ኳሱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለረጅም ጊዜ ብቻውን ከተሠራበት ውርወራና ምት ይለያያሉ። ስለዚህ ከ10 ምት በኋላ ወዲያው 5 እውነተኛ ሰርቭ አስመቱት።

ምልክት፦ ኳሱ ከሜዳ አልፎ ይወጣል

ከሥሩ እየተመታ ነው፣ ወይም ውርወራው ከጭንቅላቱ ኋላ እያረፈ ነው። ከመረቡ በላይ 1 ሜትር ላይ ሲባጎ ወጥሩና ኳሱ በሁለቱ መካከል እንዲያልፍ አድርጉ።

ምልክት፦ ትከሻውን ያመዋል

እዚህ ላይ መሣሪያ ከመጨመር መቀነስ ይበልጣል። አሸዋ የተሞላ ወይም ከባድ ኳስ እጅ ያጠነክራል ብላችሁ ለታዳጊ አትስጡ። አጥንቱ ገና እያደገ ነው፤ ክብደቱ የሚያርፈውም የእድገት ቦታው ላይ ነው። ሌላው ምክንያት ብዛት ነው፦ ሳይሟሟቁ ረጅም ሰልፍ ሰርቭ ማስመታት። ካመመው በዚያ ቀን ሰርቭ ያቁም።

ሕመሙ ሲጠፋ ማጠናከሪያው ከብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ የሚሠራ ላስቲክ ነው። በክርን ከፍታ እንጨት ላይ እሰሩት። ልጁ በጎኑ ይቁም፤ የሚሠራው እጅ ከእንጨቱ የራቀው ይሁን። ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ፣ በክርኑና በጎኑ መካከል የታጠፈ ፎጣ ይዞ፣ ክንዱን ወደ ውጭ በዝግታ ያዙር። 12 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ተላቋል ማለት ስለሆነ እንደገና ይጀምር። ሳይጫወትም የሚያመው ወይም ሌሊት የሚቀሰቅሰው ከሆነ ላስቲኩን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ምልክት፦ በልምምድ ይሻገርለታል፣ በጨዋታ ይከሽፋል

መሣሪያው ምርኩዝ ሆኖበታል። በየልምምዱ መጨረሻ ጎማውንም ሲባጎውንም አንሱና 10 ሰርቭ ቁጠሩ፤ እውነተኛው ውጤት ያ ነው። ከ10 ከ6 በታች ከሆነ ወደ ጎማው ይመለስ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሣሪያው ይቅርና የጨዋታውን ሁኔታ አምጡለት፦ ሜዳውን ሮጦ ዞሮ ትንፋሹ ሳይመለስ ይምታ፣ ፊሽካ ንፉለት፣ በሕጉ መሠረት በ8 ሴኮንድ ውስጥ ይምታ። ከዝናብ በኋላ የኖራው መስመር ስለሚጠፋ በቦታው ጠፍጣፋ የናይለን ገመድ ዘርግታችሁ ጫፎቹን በሚስማር አጥብቁ፤ ሳይመታ መስመር የመርገጥ ልማድ የሚመጣው መስመሩን ባለማየት ነው።