ዋተርፎላችሁ ሲቆሽሽ መጀመሪያ ቻርጀሩን ጠርጥሩ

ዋተርፎል የምንለው በኮምፒውተር የሚሠራ የሬዲዮ መቀበያ (ኤስዲአር) የያዛቸውን ሲግናሎች ስክሪን ላይ እንደ ፏፏቴ እያፈሰሰ የሚያሳየውን ምስል ነው። አንቴናው መሰካቱን፣ ድራይቨሩ መጫኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

መሃል ላይ ያለ ቀጭን መስመር ፍሪኩዌንሲ ስትቀይሩም ከተከተላችሁ የመቀበያው የራሱ ነው። የምትሰሙትን ጣቢያ ከመሃል ገሸሽ አድርጋችሁ እርሱት። ምስሉ ከተቆራረጠ ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ የሚወሰደውን ናሙና ብዛት) ከ3.2 ወደ 2.4 ሚሊዮን አውርዱ። የኤፍኤም ሙዚቃ በማይገባው ባንድ ላይ ከተሰማ ጌይኑን (ሲግናሉን የማጉያውን መጠን) ጥግ ድረስ ሰቅላችሁታል። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው ርካሹ የዩኤስቢ መቀበያ 8 ቢት ብቻ ያለው ዕቃ ነው፤ ከተማ ውስጥ ይታፈናል። 10 ዲሲቤል ቀንሱ። እውነተኛው ሲግናል በዚያው ልክ ይወርዳል፤ የውሸቱ ከዚያ በላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው። 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወፍራም፣ ጠርዙ የደበዘዘ መስመር ይታያል። ከ60 ወይም 70 ኪሎኸርዝ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ዕቃው ሲሞቅ ሁሉም አብረው እንደ እባብ ይሳባሉ። ይሄ ቻርጀር ነው። ወይ የኤልኢዲ አምፖል፣ ወይ የዲኮደር አዳፕተር። ውስጡ በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል፤ መስመሮቹም የሚራራቁት በዚያው ቁጥር ነው። አንድ ርካሽ ቻርጀር ከፍቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጩኸቱን የሚያፍነው የፊልተር ሽቦ ጥቅል ቦታ ታትሟል፤ ጥቅሉ ግን የለም። በምትኩ ቁራጭ ሽቦ በይደውበታል! እናንተ አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ 300 ቮልት ሊይዝ ይችላል።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወዳጄ ለዚህ ችግር ኬብል ቀየረ፣ ሁለተኛ አንቴና ገዛ። ቤቱ ሄጄ ቡና እየጠጣን መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ነበር። ዋተርፎሉ እንደታጠበ ጠራ፤ ከሥሩ የሞርስ ኮድ ወጣ! መብራቱ ሲመጣ ቆሻሻውም ተመለሰ። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቀልን። ጥፋተኛው ከሶፋው ጀርባ ተረስቶ የቀረ የስልክ ቻርጀር ነበር። ስልክ እንኳ አልተሰካበትም።

ሌላው ደግሞ ጩኸቱ ቀን ቀን ብቻ ስለሚመጣ «የአየሩ ጠባይ ነው» ብሎ ወራት ተቀመጠ። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ። ፀሐይ ስትገባ ተቆጣጣሪው ያርፋል፣ ባንዱም ያርፋል።

ስለዚህ ላፕቶፑን በባትሪ አድርጉና ቆጣሪው ጋ ያለውን ማብሪያ አጥፉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ መድኃኒት ካለ ቶሎ መልሱት። ከጠራ ችግሩ ቤታችሁ ነው፤ ዋተርፎሉን እያያችሁ አንድ በአንድ ንቀሉ። ያገኛችሁትን ጣሉት። መጣል ካልቻላችሁ ገመዱን በፌራይት (ጩኸት በሚያፍን መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ቀለበት ውስጥ 8 ወይም 10 ጊዜ ጠምጥሙት፣ ወደ ቻርጀሩ አስጠግታችሁ። አንዴ ብቻ ክሊፕ አድርጎ 7 ሜጋኸርዝ ላይ ውጤት መጠበቅ ቀልድ ነው፤ የቀለበቱ የማፈን አቅም የሚያድገው በዙሩ ብዛት ካሬ ነው።

ማብሪያውን አጥፍታችሁም ካልጠራ፣ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ግን ከጠራ፣ የጎረቤት ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ደህና ቻርጀር ይዛችሁ አንኳኩ።