ጎንደር ሆናችሁ መጽሐፋችሁን በራሳችሁ ስታሳትሙ

ረቂቁ አልቋል፤ አሳታሚ ደጅ መጥናቱም ሰልችቷችኋል። በራሳችሁ አሳትሙት! ግን ወደ ማተሚያ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ለአርታኢ የሚከፈለውን ለዩ። ጓደኛ አንብቦ «በጣም ቆንጆ ነው» ማለቱ አርትዖት አይደለም። ሽፋን ላይ ቆጥቡ፣ አርትዖት ላይ ግን አትቆጥቡ።

ጽሑፉ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ተተይቦ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሩም ስልኩም ወደሚጠቀምበት የፊደል ሥርዓት) ሲገለበጥ ፊደል ሊዛባ ይችላል። እንደ ኳ፣ ጓ፣ ቧ ያሉትንና ሥርዓተ ነጥቡን ገጹ ከተቀናበረ በኋላም እንደገና፣ በወረቀት አትማችሁ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ። ስክሪን ላይ ብዙ ስህተት ያመልጣል።

ስለ ገጽ ብዛት የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። በኦፍሴት፣ ማለትም ፕሌት በሚባል የማተሚያ ሰሌዳ በብዛት ሲታተም፣ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ እየሆነ ታጥፎ ነው የሚጠረዘው። መጽሐፋችሁ 200 ገጽ ከሆነ ወይ ወደ 192 አውርዱት ወይ 208 አድርሱት፤ አለዚያ ባዶ ገጽ ይተርፋችኋል፣ ወረቀቱን ደግሞ ከፍላችሁበታል።

ስንት ኮፒ? የፕሌቱ ወጪ 500 ብታሳትሙም 3000 ብታሳትሙም ያው ስለሆነ ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል፣ ብዙዎችም በዚህ ተታልለው ቤታቸውን በካርቶን ይሞላሉ። እኔ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ጥቂት አሳትሙ ባይ ነኝ። የሚገዟችሁን በስም ቁጠሩ፦ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ዘመድ፣ የማኅበር አባል፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወዳጆች። ከዚያ ትንሽ ጨምሩ። አዲስ አበባ ካሳተማችሁ የጭነቱን ሂሳብ ዋጋው ውስጥ አስገቡ። ናሙናውን በእጃችሁ ሳትይዙ፣ ጥራዙን ሳትፈትሹ፣ እሺ ብላችሁ እንዳትፈርሙ።

አይኤስቢኤን የሚባለውን ባለ 13 አሃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ውሰዱ፣ ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት። የቅጂ መብታችሁ ግን በአዋጅ 410/1996 መሠረት ሥራውን ስትፈጥሩት የሚገኝ ነው፣ ምዝገባ አይጠብቅም።

ጊዜውንም አስቡበት። በጥር የጥምቀት ሰሞን ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች። መጽሐፉ ስለ ጎንደር ከሆነ ኅዳር ላይ እጃችሁ እንዲገባ አድርጉ፤ ፒያሳ ያሉትን መጻሕፍት ሻጮች ራሳችሁ ዞራችሁ አነጋግሩ። ለአከፋፋይ ስትሰጡ ደግሞ የኮፒው ብዛት፣ ኮሚሽኑና ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን በወረቀት ይስፈር፣ ሰውየው የቅርብ ወዳጃችሁ ቢሆንም።