ለእኩልነት የታገለች ሴት ታሪክ ለልጆች እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ብርዱ ሲጠና ልጆች ባና ለብሰው ተረት ይጠይቃሉ። እኔም ከተረቱ ጎን ለእኩልነት የታገሉ ሴቶችን ታሪክ በትንንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ አነብላቸዋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ብቻ ምረጡ። ሦስት አራቱን በአንድ መጽሐፍ ካጨቃችሁ ልጁ ስም ይሸመድዳል እንጂ ሰው አያውቅም። ለጀማሪ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እመክራለሁ። በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ተወለዱ፤ ስዊዘርላንድ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። አርበኛዋ ሸዋረገድ ገድሌም የታሰሩት እዚያው ደሴት ነውና ለሁለተኛው መጽሐፍ እሳቸውን ያዙ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ጽሑፍ 1916 ሌላው 1908 ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ይቀነሳል።

ቀጥሎ «እኩልነት» የሚለውን ቃል በእጅ የሚዳሰስ አድርጉት። ቃሉ ብቻውን ለሰባት ዓመት ልጅ አይጨበጥም። እኔን የረዳኝ መንዝ ያሉ አንዲት እናት ከሣጥናቸው ያወጡት የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። ልጆቹ በጣታቸው እየነኩ «ይሄ መሬት የእማማም ነው?» አሉ። ከዚያ ሕጉን መንገር ቀለለኝ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ለጋብቻም ለወንዱ 18፣ ለሴቷ 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች እህት ያለችው ልጅ ይህን ሁለቴ አታስደግማችሁም።

አሁን ጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ብቻ አስፍሩና መልሱን ለቀሪዎቹ ገጾች ተዉት። በአንድ ገጽ ከሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አትለፉ። «ወንድ ናት» ብላችሁ አታሞግሱ፤ ሙገሳው ራሱ ጀግንነቷን ቀምቶ ለወንድ ይሰጣል። «ጀግና ነበረች» ከማለትም ያደረገችውን ንገሩ።

«እሷ» ወይስ «እሳቸው» የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ። እኔ አክብሬ «እሳቸው ተወለዱ» ብዬ ስጀምር ልጆቹ ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ ባልቴት ሳሉ። ስለዚህ በልጆቹ መጽሐፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው «እሷ» ነው የምለው። የገዛ አያታችሁን ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ግን ቤተሰቡ እንደለመደው አድርጉ።

ስፌቱ ፈጣን ነው፦ አራት ወረቀት መሐል ለመሐል እጠፉ፣ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ እጥፋቱን በወስፌ ሦስት ቦታ ብሱና በጠንካራ ክር ስፉ። ሥዕሉን ልጆቹ ይሥሩት። የዓለም ካርታ ካለ ሰርዲኒያን ፈልጉና ከሰሜን ምዕራብ ጫፏ አጠገብ ያለችውን አዚናራን በጣት አሳዩአቸው።

የመጨረሻውን ገጽ ባዶ ተዉት፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ልጁ ባለታሪኳን የሚጠይቃትን ይጽፍበታል። ባለፈው አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ የባናዋን ጫፍ እንደያዘች እንዲህ ጻፈች፦ «ደሴቱ ላይ ይበርድሽ ነበር?»