ክሊራንስ የሚጠይቅ ሥራ ስትጀምሩ እኛ ሀበሾች የምንሠራቸው ስህተቶች

ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁና ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ የሚጠይቅ መንግሥት ቤት ገና የገባችሁ ወይ ልትገቡ ፎርም እየሞላችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዲፌንስም ይሁን ስቴት ይሁን ሆምላንድ ሴኩሪቲ፣ የምንሰናከልበት ቦታ ያው ነው። አብዛኛው እኔንም ጥሎኛል።

አንደኛ፣ ቤተሰብን መደበቅ። ለክሊራንስ የሚሞላው ኤስኤፍ-86 የሚባለው ፎርም ከመቶ ገጽ በላይ ነው፣ ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። አንድ የማውቀው ልጅ፣ ጎበዝ፣ ማስተርስ ያለው፣ ማታ ደውሎ «ለአክስቴ በየወሩ 150 ዶላር እልካለሁ፣ ይሄም ይጻፋል እንዴ? የቡና መጠጫ እኮ ናት» አለኝ። ይጻፋል! በሰው እጅ የላክኸውም ይጻፋል። ክሊራንስ የሚወሰነው በ13 መመዘኛዎች ነው፣ አንዱ የውጭ ተጽዕኖ ነው፣ ግን የሚታየው ጠቅላላ ሰውየው ስለሆነ አዲስ አበባ እናት አለችህ ተብሎ ብቻ በር አይዘጋብህም፣ እናቷ እዛው ያለች ሰው ክሊራንስ አግኝታ ስትሠራ አውቃለሁ። ውሸት ግን ራሱን የቻለ ሌላ መመዘኛ አለው፣ ሰውን የሚጥለውም እሱ ነው። ዕቁብ ደርሷችሁ 10 ሺህ ዶላር ባንዴ አካውንት ከገባ ደግሞ ማንነታችሁን የሚያጣራው ኢንቨስቲጌተር ዕቁብን ከየት ያውቀዋል፣ ረጋ ብላችሁ አስረዱት፣ ዳኛው ማን እንደሆነ ሳይቀር።

ሁለተኛ፣ ሜንተርን እንደ ንስሐ አባት ማየት፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ሁሉንም ነገር እሳቸው ላይ መጣል። በዚህ ሥራ ይሄ ጭራሽ አይሠራም፣ ምክንያቱም ከቤተክርስቲያን የምታውቃቸው ጋሼ 30 ዓመት መንግሥት ቤት የሠሩ ቢሆኑም ዴስክህ ላይ ስላለው ነገር ልታወራቸው አትችልም፣ ክሊራንስ ቢኖራቸው እንኳን ጉዳዩ የሚመለከታቸው ካልሆነ አይቻልም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያዙ፣ አንዱ እዛው በሩ ውስጥ ያለ፣ ጽሑፍህን አይቶ «ይሄ ደካማ ነው» የሚልህ፣ ሌላው ውጭ ያለ፣ ከጂኤስ-9 ወደ ጂኤስ-11 የደመወዝ እርከን ስለማለፍ፣ ከአለቃ ጋር ስለመጋጨት የምታወራው። ደግሞ በመጀመሪያ ቀን «ሜንተር ሁነኝ» አይባልም፣ ሰው ይደነግጣል። «ይሄን አንድ ገጽ 15 ደቂቃ ታይልኛለህ?» በለው፣ ካየልህ በሚቀጥለው ወር ምን እንዳስተካከልክ ተመልሰህ ንገረው። ብዙዎቻችን አንዴ ምክር ወስደን እንጠፋለን፣ ከዛ ሥራ ስንፈልግ ብቅ እንላለን።

ሦስተኛው፣ የባሰው፣ ዝምታ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ 6 ሰው ሆነን ተቀምጠን አንድ ድምዳሜ አልዋጥልህ አለኝ። አለቃዬ ዞር ብላ «አንተስ?» አለችኝ። «እንደተባለው ነው» ብዬ ወረቀቴን አጠፍኩ። ከሚቲንጉ በኋላ ግን እዛው ኮሪደር ላይ ለባልደረባዬ ድምዳሜው ለምን እንደማያስኬድ ስዘረዝር ከኋላዬ ሰማችኝና «ውስጥ ለምን አላልከውም?» ብላኝ አለፈች። ይሉኝታ ነዋ፣ ሌላ ምን ልበል። ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ቤታችን ጨዋነት ነው፣ እዛ ግን «ሐሳብ የለውም» ተብሎ ነው የሚያዝብህ። 2002 ላይ ኢራቅ የኒውክሌር ፕሮግራሟን እንደገና ጀምራለች ተብሎ ሲጻፍ አልቀበልም ብላ ልዩነቷን ያስመዘገበችው የስቴት ዲፓርትመንት የኢንተለጀንስ ቢሮ ነበረች፣ ከነሲአይኤ አንጻር ሚጢጢ ናት፣ ልክ የነበረችው ግን እሷ ናት። አሁን የኢንተለጀንሱ የትንታኔ ደንብ ራሱ ሌላ አማራጭ አሳይ፣ እርግጠኝነትህን ግለጽ ይላል፣ «ላይክሊ» (ሳይሆን አይቀርም) ብለህ ከጻፍክ ከ55 እስከ 80 በመቶ ማለትህ ነው። ስትናገሩ ደግሞ ዋናውን ነገር መጀመሪያ በሉት፣ እኛ መግቢያ እንወዳለን፣ ነገሩ ጋ ስንደርስ አለቃው ሰዓቱን እያየ ነው።

ትናንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። ሊንክዲን ላይ የክሊራንስ ደረጃና የፕሮጀክት ስም መደርደር፣ ተዉት። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂ ተፈቅዷል፣ በፌደራል ሕግ ግን አልተፈቀደም፣ ክሊራንሱ ደግሞ የፌደራል ነው።

አንድ ወንበር ላይ መጣበቅም አለ። ወታደሩ ቤት ከ1986ቱ የጎልድዋተር-ኒኮልስ ሕግ ወዲህ ጀነራል ለመሆን ከራስ የጦር ክፍል ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር በጋራ ቦታ መሥራት ይጠበቃል፣ ኢንተለጀንሱም ለከፍተኛ ኃላፊነት ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል፣ እኛ ግን አለቃው ደግ ከሆነ 7 ዓመት እንቀመጣለን። አንድ ፕሮግራም ብቻ ተስፋ ማድረግም ያው ነው፣ ከ1977 ጀምሮ ማስተርስና ከዚያ በላይ የጨረሱ ልጆችን ወደ ፌደራል ሥራ ያስገባ የነበረው ፒኤምኤፍ 2025 ላይ በአንድ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲዘጋ እሱን ብቻ ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ።

ሌላው «እኔ ገና ምን ሆኜ ነው ሰው የምመራው» ማለት ነው። ባለፈው ሰመር አንዲት ኢንተርን ስማርት ሰዓቷን እንዳደረገች ምስጢር የሚሠራበት ዝጉ ክፍል በር ላይ ደረሰች፣ ስልክ እንደማይገባ ታውቃለች፣ ሰዓቱ ግን ትዝ አላላትም። ከሷ 8 ወር ብቻ የሚቀድም ልጅ ሮጦ አስቆማትና ሎከሩን አሳያት፣ ማታ ቤቱ ሄዶ ደግሞ ምስጢር የሌለበት አንድ ገጽ ጻፈላት፣ ምን አይገባም፣ ባጅ ሲጠፋ ማን ጋ ይደወላል፣ ካፌው ስንት ሰዓት ይዘጋል። ዛሬ ያንን ወረቀት ለአዲስ ገቢ ሁሉ እናድላለን። የካፌው ሰዓት እንኳን ስህተት ነው፣ እስካሁን ያረመው የለም።